ከችቦው በኋላ

አሥረኛው ችቦ ሲጠፋ ግቢውን የሞላው ሕዝብ ባንዴ ዞረ። በየት በኩል መውጣት እንዳለብን በድምፅ ማጉያ ይነገራል። ስልኮች ወደየኪሱ ተመለሱ፣ ልጆች ከአባቶቻቸው ትከሻ ወረዱ፣ ቁልቁለቱ በሰው ተጨናነቀ። ጎረቤቴ ግን ንቅንቅ አላሉም። እጅጌዬን ያዝ አድርገው «ገና አሁን ነው የሚጀምረው፤ ነይ እንግባ» አሉኝ።

ወራት አልፈዋል። ንግግራቸው ግን እስካሁን አልለቀቀኝም። ሺዎች «አለቀ» ብለው ሲበተኑ፣ ለነዚያው ለተበተኑት ሰዎች ተብሎ የሚጀመር ሥራ አለ? እነሱ ባቡር ላይ ሆነው፣ እራት እየበሉ፣ ተኝተው፣ ሌላ ሰው ስለነሱ ይንበረከካል? ስለ እሳቱ እነግራችኋለሁ። ከሁሉ በላይ መናገር የምፈልገው ግን ከእሳቱ በኋላ፣ በጨለማ ውስጥ ስለሰማሁት አንድ ስም ነው።

ቀኑ የካቲት 26 ቀን 2017 ነበር፤ በፈረንጆቹ ማርች 5 ቀን 2025። ቦታው ጃፓን፣ ናራ ከተማ፣ ቶዳይጂ የሚባለው ጥንታዊ የቡድሃ ቤተ መቅደስ። እኔ የምኖረው ኦሳካ ነው። ለትምህርት መጥቼ ሥራ አግኝቼ ቀረሁ። እዚህ አካባቢ ብርዱ አልወጣ ሲል ሰው ሁሉ «ኦሚዙቶሪ ሳያልቅ ጸደይ አይመጣም» ይላል። ኦሚዙቶሪ ሕዝቡ ለዚህ የችቦና የጸሎት ሥርዓት ያወጣለት መጠሪያ ነው። መነኮሳቱ ሹኒኤ ይሉታል። በድሮው የጨረቃ አቆጣጠር በሁለተኛው ወር ይደረግ ነበር፤ ዛሬ ከማርች 1 እስከ 14 ሌሊት በሌሊት ይካሄዳል።

ጎረቤቴ ሰባን ያለፉ ሴት ናቸው፤ በር ለበር ነን። ሁዳዴ ገብቶ ስለነበር ያመጡልኝን ኬክ መብላት እንደማልችል ስነግራቸው ምክንያቱን ጠየቁኝ። አስረዳኋቸው። ሃምሳ አምስት ቀን ሥጋ የለም፣ ወተትና እንቁላል የለም፣ እስከ ከሰዓት ድረስ እህል ውሃ የለም። በጸጥታ ካዳመጡኝ በኋላ «እንግዲያው ናራ ይዤሽ መሄድ አለብኝ። አንቺ ይገባሻል» አሉ።

ለአንድ ሰው የሚበራ ችቦ

አዳራሹ ኒጋትሱዶ ይባላል። ከትልቁ ቡድሃ አዳራሽ በስተምሥራቅ፣ ኮረብታው ላይ ነው። ሙሉ በሙሉ እንጨት ነው። ፊቱ በረጃጅም ምሰሶዎች ተደግፎ ከተዳፋቱ ወጣ ያለ ሲሆን ሰፊ ሰገነት አለው። ሕዝቡ ከሥር ቆሞ ወደ ላይ ያያል። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ መብራት ሁሉ ጠፋ፣ ትልቁ ደወል ተመታ። በግራ በኩል፣ ጣሪያ ባለው ደረጃ ውስጥ፣ አንድ ብርሃን ቀስ እያለ መውጣት ጀመረ።

ችቦው ስድስት ሰባት ሜትር የሚሆን ሙሉ ቀርከሃ ነው። ጫፉ ላይ የታሰረው እንጨትና የጥድ ዓይነት ቅጠል እንደ ትልቅ ኳስ ሆኖ ይነዳል። አንድ ሰው ብቻውን ይሸከመዋል። ሰገነቱ ላይ ሲደርስ ነበልባሉን ከአጥሩ ውጭ አውጥቶ ያወዛውዘዋል። ከዚያ ድንገት እያሽከረከረ ከዳር እስከ ዳር ይሮጣል። ፍሙ እንደ ዝናብ ይወርዳል። ከሥር ያለው ሕዝብ አንድ ላይ «ኦ!» ይላል። ፍሙ የነካው ሰው ዓመቱን ከበሽታ ይጠበቃል ብለው ያምናሉ፤ ስለዚህ ብዙዎች አይሸሹትም፣ ይጠጉታል። የተቃጠለችውን ቅጠል ከመሬት ለቅመው በመሐረብ ጠቅልለው የሚወስዱም አየሁ። ላይ ደግሞ መጥረጊያ የያዙ ሰዎች ሰገነቱ ላይ የወደቀውን ፍም በፍጥነት ይጠርጋሉ። ሕንፃው የአገሪቱ ብሔራዊ ቅርስ ነው፤ እሳቱ ደግሞ እውነተኛ እሳት ነው።

እኔ ደመራ እያየሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። ደመራ ላይ እሳቱ መሐል ነው፤ እኛ ዙሪያውን እንቆማለን፣ እንዞረዋለን፣ ወዴት እንደወደቀ እናያለን፣ አመዱን ግንባራችን ላይ እናደርጋለን። እዚህም ያንኑ ጠብቄ ነበር። ጎረቤቴ ግን በጆሮዬ ሌላ ነገር ነገሩኝ። እያንዳንዱ ችቦ ከኋላው አንድ መነኩሴ ይከተለዋል። ችቦው የሚበራው ለሱ መንገድ ነው፤ ደረጃውን እንዲያይ። መነኩሴው ወደ አዳራሹ ሲገባ የችቦው ሥራ ያልቃል። ያን ጊዜ ነው ተሸካሚው ወደ ሰገነቱ ዞሮ የሚያወዛውዘው። መነኮሳቱ አሥራ አንድ ናቸው። አንዱ ለዝግጅት ቀድሞ ስለሚወጣ በአዘቦቱ ሌሊት አሥር ችቦ ይበራል። ማርች 12 ግን አሥራ አንዱም ይበራል፤ የዚያን ዕለቱ ችቦ ደግሞ ከሌላው ቀን እጅግ ይተልቃል።

ያ ሁሉ ሰው ከአገር ሁሉ መጥቶ የሚያየው ብርሃን፣ ወደ ሥራው ለሚሄድ ለአንድ ሰው የተለኮሰ ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ ዓይኔ ከነበልባሉ ወርዶ ደረጃውን መፈለግ ጀመረ። መነኩሴው ግን አይታይም። ከብርሃኑ ኋላ ያለ ሰው ከሩቅ አይታይም።

የራሳቸው እሳት

ሥርዓቱ ማርች 1 ቢጀመርም ሰዎቹ የሚለዩት ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። አሥራ አንዱ እነማን እንደሆኑ ዲሴምበር 16 ይነገራል። ዕለቱ ቤተ መቅደሱን የመሠረቱት የአባ ሮቤን መታሰቢያ ነው። (አባ ብዬ የጻፍኩት በራሴ ነው፤ ሌላ አክብሮት የሚመጥን ቃል አላገኘሁም።) ከፌብሯሪ 20 ጀምሮ መነኮሳቱ ከሌላው ሰው ተለይተው አንድ ቤት ይገባሉ። እዚያ ንጹሕ እሳት እንደ አዲስ ይለኮሳል። ምግባቸው የሚበስለው፣ ሻያቸው የሚፈላው፣ እጃቸውን የሚያሞቁት በዚያ እሳት ብቻ ነው። ብርዱ አጥንት ቢሰብርም ከሌላ ሰው እሳት አይሞቁም።

በነዚያ ቀናት የሚለብሱትን ልብስ ከወረቀት ያዘጋጃሉ። አዎ፣ ከወረቀት። መሠዊያውን የሚያስጌጡባቸውን የካሜሊያ አበባዎችም ቀይና ነጭ ወረቀት እየቆረጡ በእጃቸው ይሠራሉ። ዝማሬውን ይለማመዳሉ። ማርች ሲገባ ደግሞ የሚበሉት በቀን አንዴ፣ እኩለ ቀን ላይ ነው። ከዚያች ምሳ በኋላ የሌሊቱ ሥርዓት እስኪያልቅ ውሃ እንኳ አይቀምሱም። ጎረቤቴ «ይገባሻል» ያሉኝ ይህን አስበው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ በጣም ስለወደድኩት። ሌሊቱ ሲያልቅ መነኮሳቱ ከአዳራሹ የሚወጡት እየተቻኮሉ፣ «ቾዙ! ቾዙ!» እያሉ ነው። እጃችንን ለመታጠብ ብቅ ማለታችን ነው እንደማለት። የኮረብታው ክፉ መናፍስት ሥርዓቱ እንዳለቀ ካወቁ ባዶ አዳራሽ ገብተው ሥርዓቱን እያስመሰሉ ይጫወቱበታል ይባላል። ስለዚህ «አልሄድንም፣ እንመለሳለን» ብለው ነው የሚወርዱት። ስንት ዘመን ሙሉ፣ በየሌሊቱ፣ «አልጨረስንም» እያሉ መውጣት!

ያልተቋረጠበት ምክንያት

ይህ ሥርዓት የተጀመረው በ752 ነው፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር። የቅዱስ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከመወቀራቸው ከአራት መቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ አንድም ዓመት አልተዘለለም ይላሉ። እኔ የሄድኩበት 1274ኛው ነበር።

መጀመሪያ ላይ ቁጥሩ ነበር የገረመኝ። በኋላ ግን ያላቋረጡባቸውን ዓመታት አንድ በአንድ ሳይ ቁጥሩን ረሳሁት። በ1180 መጨረሻ ቶዳይጂ በጦርነት ተቃጠለ። ትልቁ የቡድሃ አዳራሽ ከነሐውልቱ በእሳት ወደመ። ቤተ መቅደሱም ተከታዩ ሥርዓት እንዲቀር ወሰነ። በዚያ ላይ ነው ጥቂት መነኮሳት በራሳቸው ፈቃድ «እኛ እናደርገዋለን» ብለው የወጡት። አመዱ ሳይቀዘቅዝ፣ ማንም ሳያዛቸው።

በ1667 ደግሞ እሳቱ ከራሳቸው መጣ። በሥርዓቱ የመጨረሻ ሌሊቶች ላይ ኒጋትሱዶ ራሱ ነደደ። በሰማያዊ ወረቀት ላይ በብር ቀለም የተጻፉ ቅዱሳት መጻሕፍት ነበሩት። ዛሬ የቀሩት ቅጠሎች ጠርዛቸው ተቃጥሎ፣ በቤተ መዘክር መስታወት ውስጥ ይታያሉ። መነኮሳቱ ምን አደረጉ? አጠገባቸው ወዳለው ሳንጋትሱዶ አዳራሽ ገብተው ቀጠሉ። አዲሱ ኒጋትሱዶ በ1669 ተሠርቶ አለቀ፤ እኔ የተቀመጥኩበት እሱ ነው። ለኛ ቅርብ በሆነው በኮሮና ዘመንም፣ በ2021፣ መነኮሳቱ አስቀድመው ራሳቸውን አግልለው፣ የሕዝቡ መግቢያም ተገድቦ ተካሂዷል።

እንዲህ ያለ ነገር በራሱ ጊዜ አይቀጥልም። «ባህል ነው» ስንል በራሱ የሚፈስ ወንዝ ይመስለናል። በያንዳንዱ ዓመት ግን አንድ ሰው «ዘንድሮስ ይቅር» ማለት ይችል ነበር፤ በቂ ምክንያትም ነበረው። ናባሪ ከምትባል ከተማ፣ ከኢችኖይ መንደር፣ ለችቦው የሚሆን እንጨት ከ700 ዓመት በላይ ሲያመጡ የኖሩ ገበሬዎች አሉ። እነሱም በየዓመቱ «እንተወው» ማለት ይችሉ ነበር። አላሉም። ይህ የአንድ ጀግና ታሪክ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ስማቸውን የማላውቃቸው፣ ተራ በተራ «እሺ» ያሉ ሰዎች ታሪክ ስለሆነ ነው የከበደኝ።

ጉልበት እንጨት ሲመታ

አሁን ወደ ሌሊቱ ልመለስ። ከውስጠኛው አዳራሽ ዙሪያ ጠባብ ክፍሎች አሉ። ሴቶች ከዚያ አልፈን መግባት አይፈቀድልንም። በእንጨት ፍርግርግ በኩል ነው የምናየው። ስለዚህ ጉዳይ ጎረቤቴን ስጠይቃቸው «እኔም ሁልጊዜ ከዚሁ ነው የማዳምጠው» ብለው ዝም አሉ። ቅሬታ ይሁን መቀበል ከፊታቸው መለየት አልቻልኩም። እኔ በበኩሌ ቅር ብሎኛል፣ ልደብቀው አልፈልግም።

ከፍርግርጉ ባሻገር ነጭ መጋረጃ አለ። ከመጋረጃው ጀርባ የዘይት መብራት ይበራል። የመነኮሳቱ ጥላ ጨርቁ ላይ ይተልቃል፣ ያንሳል። የእንጨት ጫማ ስለሚያደርጉ በዞሩ ቁጥር ወለሉ ይንኳኳል። ደወል አለ፣ ቀንድ የሚመስል የባሕር ቀንድ አውጣ ይነፋል። ብርዱ ከወለሉ ወደ አጥንቴ ይወጣ ነበር።

የሚማጸኗት ካኖንን ነው፤ በነሱ እምነት የርኅራኄ ባለቤት የሆነችውን፣ ባለ አሥራ አንድ ፊቷን። ምስሏን ማንም አያይም። መነኮሳቱ ራሳቸው እንኳ አይተውት አያውቁም። የሥርዓቱ ልብ ንስሐ ነው። ለራሳቸው ብቻ የሚደረግ ንስሐ ግን አይደለም። የሰው ልጅ በዓይኑ፣ በአፉ፣ በእጁ፣ በሐሳቡ ለበደለው በደል ሁሉ ይቅርታ ይለምናሉ። ለአገር ሰላም፣ ለእህል፣ ለዝናብም ይለምናሉ። ውጭ ፎቶ አንስቶ ለሄደው ሁሉ።

ስሟን በዜማ ይጠራሉ። መጀመሪያ ረዥም ነው፣ «ናሙ ካንጂዛይ ቦሳትሱ»፤ ካንጂዛይ የካኖን ሌላ ስሟ ነው። ይመላለሳሉ። ዜማው እየፈጠነ ሲሄድ ስሙ ያጥራል፣ «ናሙ ካንጂዛይ» ይሆናል። ከዚያ ደግሞ «ናሙ ካን! ናሙ ካን!» ብቻ ይቀራል። ትንፋሽ ሲያጥር ስምም ያጥራል። በመሐሉ አንድ መነኩሴ ወጥቶ በሙሉ ክብደቱ ጉልበቱን እንጨት ላይ ይጥላል። ድው! ቤቱ ይናወጣል። ደግሞ ይነሳል፣ ደግሞ ይወድቃል።

እኔ በዚያ ሰዓት ወዴት እንደሄድኩ ታውቃላችሁ። ስቅለት። ጠዋት ገብተን እስከ ማታ የምንሰግድባት ቀን። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» አርባ አንዴ። መጨረሻ ላይ የሰው ድምፅ ሁሉ አንድ ሲሆን፣ ቃሉ ሳይሆን ትንፋሹ ብቻ ሲሰማ። ሃይማኖቶቹ አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ አይደሉም። እኔ እዚያ እንግዳ ነበርኩ፤ አልሰገድኩም፣ አልጸለይኩምም። ጉልበት እንጨት ላይ ሲያርፍ የሚሰጠውን ድምፅ ግን አውቀዋለሁ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ? ከመጋረጃው ጀርባ የሰማሁት ከአንጀት የመጣ ነበር።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንላለን። እዚያ ቁጭ ብዬ ይህን ተረት ሳወጣ ሳወርድ ነበር። እነዚህ አሥራ አንድ ሰዎች የመረጡት ተቃራኒውን ነው። የሁሉን ሎሚ ለብቻቸው ተሸክመዋል፤ ባለቤቶቹን እንኳ አላስጠሩም።

ሰማያዊ ልብስ የለበሰችው

ማርች 5 እና 12 ሌሊት ከሌሎቹ ሌሊቶች የሚለዩበት አንድ ነገር አላቸው። የሙታን መዝገብ ይነበባል። ጎረቤቴ ዕለቱን የመረጡት ለዚህ ነው።

አንድ መነኩሴ ተቀምጦ ጥቅልሉን ይዘረጋል። የሚጀምረው ቤተ መቅደሱን ባሠሩት በንጉሥ ሾሙ ነው። እናታቸው፣ ንግሥቲቱ፣ መኳንንቱ ይከተላሉ። ከዚያ የትልቁን ቡድሃ ነሐስ ያፈሰሱ፣ እንጨት የጠረቡ፣ የረዱ ሰዎች ይጠራሉ። ንጉሥና አናጢ በአንድ ጥቅልል፣ በአንድ ድምፅ። አንዳንዴ ዝግ ይላል፣ አንዳንዴ ይፈጥናል። ቋንቋው ጥንታዊ ስለሆነ ከስሞቹ የምለየው ጥቂቱን ነው። ዘመኑ ወደ ታች ይወርዳል። ሾጉኑ፣ ማለትም የጦር ገዢው፣ ሚናሞቶ ኖ ዮሪቶሞ ተጠሩ። ከሳቸው ዝቅ ብሎ ጥቂት ስሞች ካለፉ በኋላ ጎረቤቴ ጉልበቴን ነካ አደረጉኝ። የአንባቢው ድምፅ ድንገት ወረደ። አንድ ስም በሹክሹክታ ያህል አለፈ። ቀጠለ።

ታሪኩን በኋላ ነገሩኝ። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ሹኬይ የሚባል መነኩሴ ይህንኑ መዝገብ ሲያነብ አንዲት ሴት ከፊቱ ቆመች። ሰማያዊ ልብስ ለብሳለች። «የኔን ስም ለምን ዘለልከው?» አለችው። ማን እንደሆነች አያውቅም። መዝገቡ ላይ የለችም። በቅጽበት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ያየውን ጠራ፣ «ሰማያዊ ልብስ የለበሰችው ሴት» አለ። ሴትየዋ ጠፋች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ዝቅ ባለ ድምፅ ትጠራለች። ማን እንደነበረች እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

ይህን ስሰማ ወደ አእምሮዬ የመጣችው እታለም ናት።

እታለም ያሳደገችኝ ሴት ናት። እናቴ ሥራ ስትውል ያበላችኝ፣ ትምህርት ቤት ያደረሰችኝ፣ ስታመም አጠገቤ ያደረችው እሷ ናት። ከጋይንት ነበር የመጣችው፤ ሁልጊዜ አረንጓዴ ሻሽ ታስራለች። እታለም እኛ ልጆቹ የምንጠራት ነው። እማዬ ደግሞ በሌላ ስም ትጠራታለች፤ እሱም ቤታችን ስትገባ ደላላው የነገረን ነው። ታማ አገሯ ገባች፣ እዚያው አረፈች። ወሬው የደረሰን ዘግይቶ ነው። እማዬ ደብራችን ሄዳ በጸሎት እንዲያስቧት ልትጠይቅ ስትል ካህኑ «ክርስትና ስሟስ?» አሏት። የሚያውቅ አልነበረም። ያን ሁሉ ዘመን አንድ ማዕድ በልተን፣ በጸሎት የምትጠራበትን ስም አንዳችንም አናውቅም።

እዚያ ቀዝቃዛ ወለል ላይ ያሰብኩት ይህን ነው። አንድ መነኩሴ ከ800 ዓመት በፊት ስሟን የማያውቃትን ሴት ፊት ለፊት አየ። «መዝገቡ ላይ የለሽም» ማለት ይችል ነበር፤ እውነትም ነበር። እሱ ግን ያያትን ጠራ። ተከታዮቹም «ይቺ ማን ናት? ትሰረዝ» አላሉም። ንጉሡን ሳይዘሉ፣ እሷንም አልዘለሉም። ለኔ ከችቦው ሁሉ የበለጠብኝ ይህ ነው። ፍትሕ ነው፤ ሌላ ስም አላወጣለትም።

ቀሪውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ከመዝገቡ በኋላ ሩጫው መጣ። መጋረጃው ተጠቅልሎ ወጣ፣ መነኮሳቱ የእንጨት ጫማቸውን አውልቀው በመሠዊያው ዙሪያ ያለ ድምፅ ሮጡ። ሥርዓቱን የጀመሩት ጂትቹ በሰማይ ሲደረግ አዩት፣ የሰማዩ አንድ ቀን ግን የምድር 400 ዓመት ስለሆነ ለመድረስ መሮጥ አለብን ይላሉ። ከሩጫው በኋላ ለአድማጩ ጠብታ የተቀደሰ ውሃ ታደለ። እኔ እጄን አልዘረጋሁም፤ ጸበሌ ሌላ ነው። ጎረቤቴም አልከፋቸውም።

እማዬ ምን አለች

በማግስቱ ደወልኩላት። መጀመሪያ እንደፈራሁት «የቡድሃ ቤት ገባሽ? በጾም?» አለች። አረጋጋኋት። ከዚያ ስለ መነኮሳቱ፣ በቀን አንዴ ስለመብላታቸው፣ ስለሰው ሁሉ ይቅርታ ስለመለመናቸው ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። «የኛዎቹስ ዋልድባ ሆነው ቋርፍ እየበሉ ስለኛ አይደል የሚጸልዩት» አለች። «እኛ ተኝተን ነው የሚያድሩልን።»

ስለ ሰማያዊ ልብስ ለባሿ ስነግራት ግን ድምፅዋ ተለወጠ። እኔ እታለምን ሳልጠቅስ እሷ ጠቀሰቻት። «ልጄ፣ በሃይማኖትሽ ጽኚ፤ የነሱን ለነሱ ተይው። ስም መጥራቱን ግን ደግ አደረጉ» አለች። ቀጥላም «እኛ ለምን አልፈለግንም?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔን ይሁን ራሷን፣ አላወቅሁም።

የነፍስ አባታችን እግዚአብሔር ስሟን እንደሚያውቅ ነግረዋት ነበር። አምናለሁ። ነገር ግን እሱ ያውቃል ማለት እኛ አንፈልግ ማለት አይመስለኝም። እማዬም አልመሰላትም። መርካቶ እህል የሚነግድ አንድ የጋይንት ሰው አግኝታለች። እሱ በበኩሉ ነፋስ መውጫ ደውሎ አጠያይቋል። እስካሁን የተገኘው፣ ወንድሟ በሕይወት እንዳለ፣ ስልክ እንደሌለው፣ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ እንደሚወጣ ነው። መንገዱ ከተመቸ ለመስቀል ሰው ይሄዳል። እማዬ ጥያቄዎቹን በወረቀት ጽፋ ሰጥታዋለች፤ ክርስትና ስሟ፣ የተቀበረችበት ደብር፣ ያረፈችበት ቀን። እኔም አንድ ጨመርኩ፤ የእናቷን ስም።